የጫማ ሰፊው የክረምት ዕቅድ

ሰኔ 14

ለምሰሶው፣

ሰላምታ ከማቅረቤ በፊት አንድ ክስ አለኝ። የላክኸውን ጆንያ ከፈትኩት። ጫማዎቹን ሁሉ በማሰሪያቸው እርስ በርስ ቋጥረሃቸዋል። አንድ ጊዜ ቋጥሮ መተው ያባት ነው፤ አንተ ግን ደግመህ፣ ሠልሰህ፣ በላዩ ላይ ውኃ አፍስሰህ ያደረቅኸው ይመስላል። ወስፌዬ አቃተው፤ በጥርሴ ሞከርኩ። ጥርሶቼ ደግሞ እንደ ቡድንህ ተከላካዮች ናቸው፤ ቁጥራቸው ትንሽ ነው፣ በመካከላቸውም ሰው እንደ ልቡ ያልፋል። ቅዳሜን እንደ ዓሣ አጥማጅ መረብ ስፈታ ዋልኩ። አክስትህ ገብታ አየችኝና ለጫማ ጸሎት ማድረስ ጀመርክ ወይ ብላኝ ወጣች።

አሁን ሰላምታው። ደህና ነን። ሱቄ ያው እንደምታውቀው ምድር ቤት ነው፤ መስኮቴ ከእግረኛው መንገድ እኩል ስለሆነ ዝናብ ሲጥል ጭቃው ይጎበኘኛል። ደንበኞቼን ዛሬም ከፊታቸው ይልቅ በእግራቸው ነው የማውቃቸው። ፊት ለፊት ያለው ባለመድኃኒት ቤት ከሚስቱ ጋር ሲጣላ ቀድሟት ይሄዳል፤ ሲታረቁ ጫማዎቻቸው ጎን ለጎን ናቸው። ትናንት ጎን ለጎን ነበሩ፤ ለሰፈሩ ሁሉ እፎይታ ነው።

ዕቅዱ የት ደረሰ ብለህ ጠይቀኸኛል። መቼ ቀርቶብህ ያውቃል? አንተ በየዓመቱ ያለቀ ጫማህን ትልክልኛለህ፣ እኔ አድሼ ለሰፈሩ ልጆች አድላለሁ፣ እነሱም ሦስት ካልሲ ደርበው ይጫወቱበታል። በምላሹ ቡድንህ እንዴት እንደሚታደስ እጽፍልሃለሁ። በዚህ ንግድ የተጎዳሁት እኔ ነኝ፤ ጫማው ይታደሳል፣ ቡድኑ ግን እምቢ ብሏል።

ዘንድሮ የቅርጫት ኳስ ጨዋታችሁን ሁሉ በራዲዮ ሰምቻለሁ። ከመጨረሻው ሁለተኛ መውጣት ቀላል አይደለም፤ ከእናንተ የባሰ አንድ ቡድን ማግኘት ያስፈልጋል፤ እሱንም ፈልጋችሁ አገኛችሁ። ስለዚህ ተስፋ አለን።

መጀመሪያ፣ ዘሪው ያልነው ኳስ አቀባያችሁ ተመስግኖ ይሰናበት። ኳሱን እንደ ዘር ይበትነዋል፤ ከአሥሩ የሚበቅለው አንዱ ነው፤ እሱም ቢሆን ወፍ ካልለቀመው። ለመጨረሻው ሩብ ትንፋሽ የሚያጥራችሁ ደግሞ እነዚያው አምስት ሰዎች ከመነሻው እስከ ፉጨቱ ስለሚሮጡ ነው። ተቀያሪዎቻችሁ ወንበር ከማሞቅ ሌላ ሥራ የላቸውም። ከታችኛው ሊግ ስማቸውን ማንም የማያውቃቸው ሁለት ፈጣን ልጆች ይምጡ። ስም የሌለው ሰው ስም ለማግኘት ይሮጣል፤ ስም ያለው ግን ስሙን ይዞ ይቆማል። ኳሱም መሃል ሜዳ ላይ ቁጭ ብሎ ሻይ መጠጣቱን ይተው። ከተከላካይ እጅ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ዘላዩ ልጃችሁ፣ ወደ ፌንጣ ይሂድ። ልጁን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ ግን የራዲዮው ሰውዬ ስሙን ሲጠራ ራሱ ከወንበሩ እንደሚነሣ ድምፁ ይነግረኛል። ለሦስት ዓመት ያስፈርሙት። ቤቱ የሚሠራው በሱ ላይ ነው።

አሰልጣኝህን አልነካውም፤ ደህና ሰው ነው። በዳኛ ሲናደድ በግራ ተረከዙ ወለሉን የሚመታው ግን በራዲዮ እንኳ ይሰማል። ያ የምትነግረኝ ቡናማ የቆዳ ጫማው ታኮው ወደ ውጭ ሳያጋድል አይቀርም። ላክልኝ፤ አድስለታለሁ።

አሁን ወንበርህን ሳብ አድርገህ ተቀመጥ።

ከጆንያው አንዱን ጥንድ ገልብጬ አየሁት። የግራው ሶል እንደ ወረቀት ሳስቷል። የቀኙ ግን ገና ከካርቶን የወጣ ይመስላል። ዘሎ የሚወርድ ሰው በሁለት እግሩ ነው የሚያርፈው፤ አንተ ዓመቱን ሙሉ በግራህ ብቻ ስታርፍ ኖረሃል። ቀኝ ጉልበትህ አልቋል፣ ደብቀኸኛልም። አልተቀየምኩም። ዋሸሁ፤ ትንሽ ተቀይሜያለሁ።

እናም በዘንድሮው ዕቅድ አንተ ሜዳ ውስጥ የለህም። ከአሰልጣኙ አጠገብ ተቀምጠህ ለወጣቶቹ ዓይን ትሆናለህ። ሠላሳ አራት ዓመት ለምሰሶ ዕድሜ አይደለም፤ ለጉልበት ግን ነው። ዕቅዴን በየዓመቱ ለአሰልጣኝህ ስታነብለት አንተን የሚመለከተውን መስመር እየዘለልክ እንደሆነ ስለማውቅ፣ ዘንድሮ አንድ ቅጂ በቀጥታ ልኬለታለሁ። ቴምብሩን የገዛችው አክስትህ ናት፤ ውስጡ ምን እንዳለ አልነገርኳትም።

አጎትህ


ሰኔ 27

ለጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? ስለ ማሰሪያው ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ስለ ጥርስዎም አዝናለሁ። የዘገየሁት ተናድጄ ስለነበር ነው። በንዴት የጻፍኩትን እትዬ ታነበዋለች ብዬ ፈራሁ።

አሰልጣኙ ጠራኝ። ደብዳቤዎን በደረት ኪሱ ይዞት ነበር። ስለ ዘሪው ያሉትን ጮክ ብሎ አነበበልኝና ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ። እኔ ጋ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ አለ። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ተላክሁ። ሐኪሙ ጉልበቴን እያጠፈ እየዘረጋ አይቶ፣ እንደ አሮጌ በር ነው፣ ይንጫጫል እንጂ ይከፈታል ይዘጋል ብሎ ጻፈልኝ። ወረቀቱን ለአሰልጣኙ ሰጠሁት። አልጠቀመኝም።

"ሐኪሙ ያየው አንድ ጠዋት ነው፤ አጎትህ ያዩት ዓመቱን ሙሉ ነው" አለኝ።

ጫማው የኔ አይደለም አልኩት። የማን ነው አለኝ። ማሰሪያዬን ለመቋጠር ጎንበስ አልኩ። እንግዲያው ያንተ ነው ብሎ፣ ሊያስፈርመኝ ያወጣውን የአንድ ዓመት ውል መልሶ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። እስከ ሐምሌ መጨረሻ እውነቱን ካልነገርኩት በኔ ቦታ ሌላ ሰው እንደሚፈልግ ነገረኝ። ደብዳቤዎ እጅግ ጥሩ ሆኖ ተጽፏል ጋሼ፤ ችግሩም ይኸው ነው።

ጫማው የፌንጣ ነው። የልብስ መቀየሪያ ክፍሉን ስናጸዳ ጆንያዬን አይቶ የራሱንም አንድ ጥንድ ጨመረ። ሁላችንም ክለቡ የሚሰጠንን አንድ ዓይነት ጫማ ነው የምናደርገው፤ የእግሩ ቁጥርም ከኔ እኩል ነው። እርስዎ ሶሉን እንዲህ ያነቡታል ብዬ ስላላሰብኩ አልጻፍኩልዎትም።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ቤቱ ሄድኩ። መጀመሪያ ካደኝ። ኋላ ሱሪውን ሰብስቦ አሳየኝ። ጉልበቱ አብጦ ቅርጹን አጥቷል። ከዓመቱ አጋማሽ ጀምሮ ከጨዋታ በፊት መጸዳጃ ቤት ገብቶ በፋሻ እያሰረው ነው የወጣው። የሦስት ዓመቱን ውል ከፈረመ በኋላ እንደሚታከም ይምላል። ከዚያ በፊት ካወቁ እንደሚተዉት እርግጠኛ ነው። ለማንም እንዳልናገር ለመነኝ።

እርስዎ ያውቁኛል። ከመጨረሻው ሁለተኛ በወጣንበት ዓመት ጫማዬን መስቀል አልፈልግም። አንድ ዓመት ብቻ ነው የምፈልገው። ግን የልጁን ጉልበት አሳልፌ ሰጥቼ አላገኘውም። ከራሱ አፍ ይውጣ። እባክዎ አንድ ፊደል እንዳይጽፉ፤ ለአሰልጣኙም፣ ለልጁም፣ ለራዲዮውም ሰውዬ። ስለማውቅዎ ነው የራዲዮውን ሰውዬ የጨመርኩት።

ምሰሶ


ሐምሌ 4

ለምሰሶው፣

ተሳስቻለሁ። ይህን ቃል ቆርጠህ አስቀምጠው፤ ከእኔ ዘንድ ሁለተኛ አታገኝም። ደግሞ ልብ አድርግ፤ ሶሉን በትክክል ነው ያነበብኩት፣ የሳትኩት ባለቤቱን ነው። በዓለም ላይ ያንተን የሚያህል ጀልባ የሚጫማ ሌላ ፍጡር አለ ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ያኔ ለትምህርት ቤት ጫማ ስሠራልህ ቆዳ ሻጩ ለሁለት ልጅ ነው ወይ ብሎኝ ነበር።

ለአክስትህ ነገርኳት። መቼም መነገሩ አይቀርም፤ ከሌላ ከምትሰማው ከእኔ ትስማው ብዬ እራት ላይ አወራሁላት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። የበላችበትን ሳህን አጠበች፣ እጇን አደረቀች፣ ከዚያ ዞር ብላ "ልጁን ከእንጀራው ያፈናቀልከው በሰው ጫማ ነው?" አለችኝ። እኔ መልስ ሳጣ አይተህ ታውቃለህ? እሷም አይታ ስለማታውቅ ደነገጠች፤ ግን አልማረችኝም። ራዲዮውን ነቅላ ወደ ላይኛው ቤት ይዛው ወጣች። አሁን ሱቁ ውስጥ የሚሰማው መዶሻዬ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ውጤት አይናገርም።

ከደብዳቤህ አስከትለህ የላክሃት ቁራጭ ወረቀትም ደርሳኛለች። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር ብለኸኛል፤ ባትቀየመኝ አንቱታውንም ረስተሃል። እኔ ብሆን ዕለቱን እናገር ነበር። ለዚህ ነው ማንም እንዳንተ አምበል አድርጎኝ የማያውቀው። ያንተ ይሻላል። አንተ ብትናገርበት ልጁ ተያዘ ይባላል፤ ራሱ ቢናገር ግን ታመመ ይባላል። ለተያዘ ሰው ውል አይሰጥም፤ ለታመመ ሰው ሐኪም ይፈለግለታል።

ግን ዝምታህን ብዙ አታስረዝማት። የግራውን ሶል ደግሜ አየሁት። ተረከዙ ሥር ጨርቁ ወጥቷል። ያ ማለት ግራው ሁለት ሰው ተሸክሟል። አንዱ እግር የሌላውን ሸክም እየወሰደ ግማሽ ዓመት ከሮጠ፣ ቀጥሎ የሚሄደው እሱ ነው። ያኔ ሦስት ዓመት ቢፈርም ምን ላይ ሊቆምበት ነው?

ስለዚህ ሁለተኛው ዕቅድ እነሆ፤ ከመጀመሪያው የተሻለ ነው። ፌንጣ ዘንድሮ አይዘልም። ይታከማል፣ ከአሰልጣኙ አጠገብ ለአንተ ባዘጋጀሁልህ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ምቹ ወንበር ነው፤ በደንብ አስቤበታለሁ። የሱን ቦታ እስኪመለስ ድረስ የምትጠብቅለት አንተ ነህ። በሰኔ አሰናብቼህ በሐምሌ መልሼ ቀጥሬሃለሁ፤ እንዲህ ያለ ፈጣን ዝውውር በየትኛውም ክለብ አልታየም።

እንደ ድሮው አትሮጥም። ከአንዱ ቅርጫት ወደ ሌላው እስክትደርስ የራዲዮው ሰውዬ ማስታወቂያውን አንብቦ ይጨርሳል፤ ይህን እኔም፣ አንተም፣ ማስታወቂያ አስነጋሪዎቹም እናውቃለን። ግን ምሰሶ መሮጥ የለበትም። ከቅርጫቱ ሥር ቁም። ኳሱ አንተ ጋ ይምጣ፤ ከታችኛው ሊግ የሚመጡት ሁለቱ ልጆች በዙሪያህ ይሩጡ፣ አንተ ለፈጠነው ታቀብላለህ። ተከላካዩ አንተን ትቶ እነሱን ከተከተለ ዞረህ ታገባለህ። ባይተውህም ጥሩ ነው፤ አንድ ሰዋቸውን በከንቱ አስረህ ያዝክ። ከዚያ ቡድን ጋር ስድስተኛ ትወጣላችሁ። አራተኛ ልል ነበር፤ አክስትህ ከላይ ሆና የምትሰማኝ መሰለኝና ቀነስኩ።

የቀሩትን ጫማዎች ለልጆቹ አድያለሁ። ያቺ ጥንድ ግን መደርደሪያዬ ላይ ናት። የሰው ዕቃ መሆኗን ካወቅሁ ወዲያ ለሌላ መስጠት አልችልም።

አንድ ፊደል አትጻፍ ብለሃል። አልጽፍም። ለአሰልጣኙም፣ ለልጁም፣ ለራዲዮውም። ቃሌ ነው።

አጎትህ


ሐምሌ 18

ለጋሼ፣

ምን አደረጉ?

ትናንት ከልምምድ በኋላ ለፌንጣ አንድ ካርቶን መጣለት። በላዩ ላይ ያለውን ጽሕፈት ከሩቅ ለየሁት፤ ሸ ፊደልን እንደ መንጠቆ የሚያጣምም ሌላ ሰው የለም። ሁሉም በተሰበሰበበት ከፈተው። ጫማውን ሲያዩ ሳቁ፤ ዘሪው ከየትኛው የቆሻሻ ገንዳ ነው የታዘዘልህ አለው። ፌንጣም መጀመሪያ ሳቀ። ግራውን ገልብጦ አየው። ከዚያ ቀኙን ገለበጠ። ቀኙን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሶሉን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ዘሪው እንኳ ሁለተኛውን ቀልድ ጀምሮ ተወው። ልጁ ሁለቱንም አደረጋቸው፣ ማሰሪያቸውን አሰረ፣ ቦርሳውን ሳያነሣ ወጣ።

ዛሬ ጠዋት ልምምድ አልመጣም። ቤቱም የለም። አሰልጣኙ ወለሉን በተረከዙ ሲቀጠቅጥ ቆይቶ፣ ልምምዱን ለረዳቱ ትቶ ሊፈልገው ሄደ። ከመሄዱ በፊት ወደኔ መጥቶ የምታውቀው ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ፊቴን አይቶ መልሱን ሳይጠብቅ ወጣ።

ካርቶኑን ፈተሽኩ፣ መጠቅለያውን ፈተሽኩ። ከአድራሻው በቀር አንድ ቃል አላገኘሁም። ወስዶት ይሆናል። ምን ጻፉለት? ቃል ሰጥተውኝ ነበር እኮ። የወሩ መጨረሻ ደርሷል፤ የኔም ውል የሱም ውል ያለው እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነው። አሁን ሁለታችንም የምንወጣ ይመስለኛል።

እትዬን ይሳሙልኝ። ስለ እርስዎ ገና አስብበታለሁ።

ምሰሶ


ሐምሌ 24

ለምሰሶው፣

ሸ ፊደሌን የሰደብክበትን ለብቻው እንነጋገርበታለን። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያለ አስተማሪ የተማርኩት ፊደል ነው፤ መንጠቆ ቢመስልም ቃሉን ይይዛል።

አንድ ፊደል አልጻፍኩም። አድራሻ ካልተጻፈበት ፖስታ ቤቱ አይቀበልም፤ ያንን ካልቆጠርክብኝ እጄ ንጹሕ ነው። ጻፍክለት ወይ ብለህ ከምትጠይቀኝ ምን ሠራህለት ብለህ ብትጠይቀኝ ኖሮ ወዲያው እነግርህ ነበር። ጫማ ሰፊን ስለ ብዕሩ ብቻ ማስጠንቀቅ ያንተ ጥፋት ነው።

ያደረግሁት ይህ ነው። የሰው ጫማ እጄ ላይ ነበረ። አድሼ መመለስ ሥራዬ ነው። ለግራው አዲስ ሶል ሠራሁለት፤ ደህና ጎማ፣ ዙሪያውን በነጭ ክር የሰፋሁት፣ ሁለት ዓመት ዝናብ የማይበግረው። ቀኙን አልነካሁትም። አቧራውን እንኳ አልጠረግሁለትም። ምክንያቱም አላለቀም፤ ያላለቀ ነገር አይታደስም። ሌላ ምን ላድርግ? ሁለቱንም ካርቶን ውስጥ አስተኛኋቸውና ላክሁ።

ሌላ ሰው ቢሆን፣ ይህ ሽማግሌ አንዱን ረስቶ ነው ብሎ ይስቅ ነበር። ጓደኞቹም የሳቁት ለዚያ ነው። እሱ ግን ቀኙ ለምን እንዳልታደሰ የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም። ከራሱ አፍ ይውጣ ብለሃል፤ እኔ አፉን አልነካሁም። ጫማውን ብቻ መለስኩለት።

ሁለታችንም እንወጣለን ያልከውን አልቀበልም። የሸሸ ሰው ቦርሳውን ይዞ ነው የሚሸሸው። ልጁ ቦርሳውን ትቶ ጫማውን አድርጎ ሄደ ነው ያልከኝ። እንደዚያ የሚሄድ ሰው አንድ ቦታ ለመድረስ ነው የሚሄደው። ይልቅ አንተ የነዚያን የሁለቱን የታችኛው ሊግ ልጆች ነገር ተከታተል። እነሱ ካልመጡ ስድስተኛ መውጣቱን እርሳው፤ ብቻህን ቅርጫቱ ሥር ቆመህ አውቶቡስ የምትጠብቅ ነው የምትመስለው።

አክስትህን ስሜልሃለሁ፤ ደህና ተቀብላለች። ካርቶኑን ሳሽግ አጠገቤ ቆማ ታየኝ ነበር። ግራውን አየች፣ ቀኙን አየች፣ ወደ ላይኛው ቤት ወጣች። በማግስቱ ጠዋት ስወርድ ራዲዮው ከቦታው ተመልሶ አገኘሁት። ክረምት ስለሆነ ጨዋታ የለም፤ የአየር ጠባይ ብቻ ነው የምሰማው። እሱም ቢሆን እንደ ቡድንህ በየቀኑ ዝናብ ነው።

ስለ እኔ ገና አስብበታለሁ ያልከው ገብቶኛል። አስብበት። ዕቅዱን በቀጥታ ለአሰልጣኙ ስልክ ስስቅ ነበር፤ የተሳቀበት ግን አንተ ሆንክ። አንተን ሳልጠይቅ ስለ ጉልበትህ ለሰው መጻፍ አልነበረብኝም፤ ጉልበቱ ያንተ ቢሆን ኖሮም እንኳ። ነገሩ በወሩ መጨረሻ ካልተቃና አውቶቡስ ተሳፍሬ እመጣለሁ፤ አሰልጣኝህ ፊት ቆሜ

ቆይ።

አክስትህ ከላይ ሰዎች ደጃፋችንን እየጠየቁ ነው አለችኝ። ቀና ብዬ በመስኮቱ አየሁ። አንድ እግር ከመስኮቴ ፊት ቆሟል፤ ትልቅነቱን አይቼ አንተ መስለኸኝ ልቤ ዘለለ። አንተ አይደለህም። በግራው ጫማ ዙሪያ ነጭ ክር አለ። ስፌቱ የኔ ነው፤ በሺህ ጫማ መካከል ብታስቀምጠው አውቀዋለሁ። ቀኙ መሬቱን የሚነካው በጣቱ ጫፍ ብቻ ነው።

ከጎኑ ሌላ ጥንድ ቆመ። ቡናማ የቆዳ ጫማ፤ የግራው ታኮ ወደ ውጭ አጋድሏል። ብዬህ አልነበረም?

አሁን ወደ ምድር ቤቱ ደረጃ ዞሩ። ልጁ አንድ በአንድ እየወረደ ነው፤ መጀመሪያ ቀኙን ያወርዳል፣ ከዚያ ግራውን ያመጣል። ቡናማው ጫማ አይቀድመውም። በየደረጃው ቆሞ ይጠብቀዋል። ተረከዙንም አይመታም።

ሁሉንም ነግሮታል ማለት ነው።

አንተ ለውልህ ብዕርህን አዘጋጅ፤ እኔ የኔን ላስቀምጥ። በሩ ተንኳኳ።